ከቡሳ እስከ አቦል፦ የሐዋሳ ሰማይና የሩቅ ዓለማት ጥያቄ

የሲዳማ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን የሚቀበልበት ፍቼ ጨምበላላ እንደ እንቍጣጣሽ በአንድ ቀን ላይ የተተከለ በዓል አይደለም። ቀኑ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል፤ የሚቈርጡለትም አያንቶ የተባሉት የሰማይ ዐዋቂዎች ሲሆኑ፣ እነርሱ ጨረቃንና ቡሳ የተባሉትን ከዋክብት ሌሊት ሌሊት ሲጠባበቁ ቈይተው «ዕለቱ ይህ ነው» ብለው ለየጎሣው ሽማግሎች ያስታውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ ወሬው ከደጅ ወደ ደጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ተላልፎ፣ በየቤቱ ቆጮው በቅቤ ርሶ ቡርሳሜ የሚሰናዳው፤ ቤተ ሰቡ ከእርጥብ ቅርንጫፍ በተሠራው በሁሉቃ ሥር ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ የሚያልፈው፤ ሕዝቡም ቄጣላውን እያዜመ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ጉዱማሌ የሚጐርፈው። በ2008 ዓ.ም ኅዳር ወር በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሆክ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ጉባኤ ይህን በዓል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፣ አብሮ የተመዘገበው የአያንቶዎቹ የሌሊት ትጋት ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ይህን ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ስለ ሩቅ ጋላክሲዎችና በሌሎች ዓለማት ሕይወት ያለው ፍጡር ይኖር እንደ ሆነ ስለሚጠየቀው ጥያቄ ሲወራ፣ ነገሩ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳና ከጓዳችን ችግር ጋራ የማይገናኝ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። የታሪኩን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለን ስንሄድ ግን፣ በዚህች አገር ሰማይን መመርመር ከጥንት ጀምሮ ለሕዝብ የሚሠራና በአደባባይ የሚታወጅ ሥራ እንደ ነበረ፣ ከምድራችን ውጭ ነዋሪ ያላቸው ዓለማት አሉ የሚለውም ሐሳብ በሊቃውንቱ ጉባኤ ውስጥ ስፍራ እንደ ነበረው እናገኛለን።

ሐዋሳ ራስዋ በዕድሜ ልጅ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ዘመን ተቈረቈረች፤ የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ ከጊዜ በኋላ ከይርጋለም ወደ እርስዋ ተዛወረ፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም የሲዳማ ሕዝብ በራሱ ክልል ለመተዳደር ድምፅ ከሰጠ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች። የከተማዪቱ አቀማመጥ ግን ከከተማዪቱ የቀደመ ጸጋ አለው። ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ሰው ፈጽሞ የማያያቸውን የደቡብ ከዋክብትና በደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚኖር ሰው የማያያቸውን የሰሜን ከዋክብት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ወገን ታያለች። ሐይቁም ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ በመዋሉ፣ አዲስ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት ከጉዱማሌ ዳር የቆመ ሰው ቀጭንዋን ማጭድ ከውኃው በላይ፣ ዛፍና ቤት ሳይጋርደው፣ ጥርት አድርጎ ለማየት ይችላል።

የአያንቶዎች ጥበብ ቁልፉ በዚህች ጨረቃና በቡሳ መገናኘት ላይ ነው። ቡሳ በፈረንጆች ፕልያዲስ ተብለው የሚታወቁት፣ እንደ ዘለላ ተጠጋግተው የሚታዩት ከዋክብት ናቸው። ጨረቃ ሰማዩን ዞራ ወደ አንድ ኮከብ አጠገብ ለመመለስ 27 ቀን ከሲሶ ያህል ይፈጅባታል፤ ከልደትዋ እስከሚቀጥለው ልደትዋ ድረስ ግን 29 ቀን ተኩል ታሳልፋለች። ይህ የሁለት ቀን ልዩነት ለተራ ተመልካች ከንቱ ነገር ይመስላል እንጂ፣ የዘመን ቍጥር ምሥጢር በሙሉ የተሰወረው በእርሱ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ጨረቃ በየወሩ ከቡሳ ጋራ በተገናኘች ቍጥር መልክዋ ካለፈው ጊዜ የተለየ ይሆናል። በኅዳር ወር ቡሳን የምትጐበኘው ሙሉ ሆና ነው፤ በየካቲት ግማሽ ሆና ታገኛቸዋለች፤ በሚያዝያ ደግሞ ገና የተወለደች ቀጭን ጨረቃ ሆና በምዕራብ በኩል ከመጥለቃቸው በፊት ትደርስባቸዋለች። እንግዲህ ቡሳና ጨረቃ ሲገናኙ የጨረቃን መልክ ብቻ አይቶ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ሰዓት፣ ዓመቱ ከምን ላይ እንደ ደረሰ ማወቅ ይቻላል። ይህን ለመረዳት የአንድ ሌሊት ትዕግሥት አይበቃም፤ የአባትንና የአያትን ትዝብት በቃል መቀበልና ለልጅ ማስተላለፍ ያስፈልጋል። አያንቶነት የኖረውም በዚሁ መንገድ ነው።

የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን አለው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ ይባላሉ፤ የገበያው ተራም በእነዚሁ ስም ይጠራል። አራቱ ቀን ሰባት ጊዜ ሲመላለስ 28 ቀን ያለው ወር ይሆናል፤ ዓመቱም በ13 እንዲህ ያሉ ወራት ይቈጠራል። በበዓሉ መነሻ የሚተረከው ታሪክ ደግሞ፣ ፍቼ የተባለች ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ሠርታ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ትጠይቅ እንደ ነበረ፣ ያመጣችውንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው እንደ ነበረ ይናገራል። ዛሬም ሻፌታ በተባለው ዕቃ የቀረበውን ቡርሳሜ ቤተ ሰብና ጎረቤት ከብበው በአንድነት ሲበሉት፣ ማዕዱ የተቈረጠለት ሰዓት ከጨረቃና ከከዋክብት የተቀዳ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ሰማይና ጓዳ እንደዚህ የተቀራረቡበት ሥርዓት በዓለም ላይ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

የሲዳማ ጎረቤት የሆነው የቦረና ኦሮሞ ሕዝብም አያንቱ የሚላቸው ዐዋቂዎች አሉት፤ ቡሳንም ቡሳን ብለው ይጠሯቸዋል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1965 ዓ.ም ገደማ ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ የቦረናን ዘመን አቈጣጠር ለዓለም ሊቃውንት አስተዋወቁ። በዚህ አቈጣጠር ዓመቱ በ12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ሲሆን፣ ለቀናቱ 27 ስሞች አሉ፤ የሚጠበቁትም ሰባት ኮከብ ወይም የከዋክብት ጉባኤ ናቸው፤ ላሚ ይቀድማል፣ ቡሳን ይከተላል፣ ከእነርሱም በኋላ በከልቻ፣ አልጋጂማ፣ አርብ ጋዱ፣ ኡርጂ ዋላ እያለ እስከ ባሳ ይደርሳል። አንባቢ ላሚን በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እንመለስባታለንና።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንዞር፣ በሐዋሳ መካከል ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ገብርኤል ካቴድራል ታኅሣሥ 19 ቀን ከየአገሩ የሚጐርፈው ምእመን ከዓመት ዓመት የሚዘዋወሩትን በዓላት የሚያከብረው፣ አጽዋማቱንም የሚይዘው፣ ከጥንት ሊቃውንት በወረደው በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ነው። የዚህ ቍጥር መሥራች ሆኖ የሚነገርለት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ፣ ከሹመቱ በፊት የወይን ቦታ ጠባቂ ገበሬ እንደ ነበረ ትውፊቱ ይተርካል። በእርሱ ሥርዓት ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ይታረቃሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ይፈጸማሉና። ከዚሁ አበቅቴና መጥቅዕ ይወጣሉ፤ የሁለቱም ድምር ምን ጊዜም 30 ነው። በመስከረም 1 ቀን መምህራኑ የዓመቱን ወንጌላዊ፣ አጽዋማትንና በዓላትን ቈጥረው በዐውደ ምሕረቱ ለሕዝቡ ሲያውጁ፣ አያንቶው ለጎሣው ሽማግሎች የሚያደርገውን እነርሱም ለምእመናን ያደርጋሉ። ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖትና በቋንቋ ቢለያዩም፣ የሰማይን ነገር ለራስ ብቻ ዐውቆ መቅረት እንደማይገባ፣ ለሕዝብ መንገር ግዴታ እንደ ሆነ አንድ ልብ ናቸው።

በመጽሐፍ ተጽፎ የወረደው ምንጭ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሳይጐድል ተሟልቶ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር መጥቶ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዞ በመሄዱ አውሮፓ ይህን መጽሐፍ ዳግመኛ ዐወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጥ ቍርጥራጮቹ ሲገኙ የግእዙ ቅጂ የጥንቱን ነገር ምን ያህል ጠብቆ እንደ ኖረ ታየ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ሥርዓት ይናገራል፤ መልአኩ ዑራኤል ሄኖክን እየመራ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ ደጆች፣ የጨረቃንም መሙላትና መጕደል ያሳየዋል። የሄኖክ ዓመት 364 ቀን ነው። እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝን ነገር ልናገር፦ 364 ለሰባት ቀን ሳምንት 52 ጊዜ፣ ለአራት ቀን ሳምንት 91 ጊዜ ያለ አንዳች ትርፍ ይካፈላል፤ 13 ጊዜ 28ም ይኸው ቍጥር ነው። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በደጋማው ገዳም የሚጸልይ መነኵሴና በሲዳማ የእንሰት ማሳ መካከል የሚኖር አያንቶ፣ ተገናኝተው ሳይነጋገሩ በአንድ ቍጥር ዙሪያ መዋላቸው፣ ሁለቱም ያነበቡት ሰማይ አንድ በመሆኑ ነው። ይህን ሀብት ኦቶ ኖይገባወር የተባለው ታላቅ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ ከልቡ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የፈለክና የዘመን ቍጥር ትምህርት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሞበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ከዚህች ምድር ሌላ ነዋሪ ያለው ዓለም አለን ወደሚለው እንለፍ። የቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሃያ ዓለማትን ይቈጥራል፤ ዘጠኙ ከእሳት፣ አራቱ ከውኃ፣ ሁለቱ ከነፋስ፣ አምስቱ ከመሬት ናቸው። በእሳቱ ወገን ኢዮር፣ ራማና ኤረር የመላእክት ከተሞች ሆነው በየነገዱ ሠራዊት ይኖሩባቸዋል። ከመሬቱ ወገን ደግሞ ይህች የምንኖርባት ምድር ብቻዋን አልተቈጠረችም፤ ገነት፣ ብሔረ ሕያዋን፣ ብሔረ ብፁዓንና ሲኦል ከእርስዋ ጋራ አብረው ተቈጥረዋል። በብሔረ ሕያዋን ሞትን ያልቀመሱት ሄኖክና ኤልያስ ይኖራሉ፤ በብሔረ ብፁዓንም ከኃጢአት ርቀው በጽድቅ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ይህ የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ በመነጽር ከሚታየው ጋራ አምታትቼ አንዱን በሌላው ለመመስከር አልፈልግም፤ እንዲህ ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነውና። ሆኖም በዚህ ትምህርት ያደገ አእምሮ ነዋሪዎች ያሉባቸው ብዙ ዓለማት አሉ ሲባል የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። በምዕራቡ ዓለም ጆርዳኖ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1600 በሮም በእሳት ሲቃጠል፣ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ የዓለማት ብዛት ትምህርቱ ነበር፤ በእኛ አገር የአብነት ተማሪዎች ግን ሃያውን ዓለማት በየስማቸው እየጠሩ በጉባኤ ይማሩ ነበር።

የሩቅ ጋላክሲዎች ታሪክም የኢትዮጵያን ስም የተሸከመ ነው። የጥንት ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያን ንጉሥ ኬፌውስን፣ ንግሥቲቱን ካሲዮጵያንና ልጃቸውን አንድሮሜዳን ወደ ሰማይ አውጥተው በከዋክብት መካከል አስቀመጡአቸው። እነርሱ ኢትዮጵያ የሚሉት የዛሬውን ድንበራችንን አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ስሙ ግን በሰማይ ላይ ቀረ። ፋርሳዊው የከዋክብት ሊቅ አብዱራሕማን አስሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 በአንድሮሜዳ ከዋክብት መካከል ትንሽ ደመና የምትመስል ብርሃን መኖርዋን ጻፈ። ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1923፣ ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ባለው መነጽር ያችን ደመና ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ብርሃንዋ በተወሰነ ጊዜ የሚደምቅና የሚደበዝዝ አንዲት ኮከብ በውስጥዋ አገኘ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት በንጉሡ በኬፌውስ ስም ሴፌይድ ይባላሉ፤ ሄንሪየታ ሌቪት የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 እንዳሳየችው፣ የድምቀታቸው ዙር በረዘመ መጠን እውነተኛ ብርሃናቸው ስለሚበልጥ፣ ርቀታቸውን ለመለካት ያገለግላሉ። ሀብልም በዚሁ ሚዛን መዝኖ ደመናዪቱ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ ታላቅ የከዋክብት ዓለም መሆንዋን አስታወቀ። የሰው ልጅ ጋላክሲዎች ብዙ መሆናቸውን ያወቀው እንግዲህ በኢትዮጵያዊት ልዕልት ስም በተጠራችው ጋላክሲ ነው፤ የለካውም በአባትዋ ስም በተጠሩት ከዋክብት ነው።

ይህችን ጋላክሲ ከሐዋሳ ለማየት መነጽር አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከከተማዪቱ መብራት ርቆ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንደ ጭስ የፈዘዘች ብርሃን ያያል። ይህች ብርሃን ከምንጭዋ ከተነሣች 2 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ሆኖአታል፤ በአፋር ጎና ላይ ጥንታውያን ፍጡራን ድንጋይን በድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩበት ለነበረው ዘመን የቀረበች ናት። በዚያው ወራት ፊቱን ወደ ደቡብ ቢመልስ፣ አድማሱ ከተገለጠለት፣ የማጀላን ደመናዎች የተባሉትን ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች ዝቅ ብለው ያገኛቸዋል። አንድሮሜዳንና እነዚህን በአንድ ሌሊት ለማየት የሚቻለው ከምድር ክፍል ሁሉ አይደለም፤ ሐዋሳ ሁለቱም ከሚታዩበት ክልል ውስጥ በመገኘትዋ ልጆችዋ ሊኰሩባት ይገባል።

በዘመናዊው ምርምር ኢትዮጵያ የገባችው በዝግታ ነው። በ1950 ዓ.ም ገደማ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መግነጢስና መንቀጥቀጥ የሚለካ የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ ስሚዝሶንያን የተባለው የአሜሪካ ተቋም በደብረ ዘይት ታላቅ ካሜራ ተክሎ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች በከዋክብት መካከል ሲያልፉ ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። ጣቢያው የባዕድ ነበረ፤ ፍሬውም ወደ ባዕድ ሄደ። የራሳችን ማኅበር የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም ነው፤ እነ ዶክተር ለገሰ ወትሮን የመሰሉ የፊዚክስ መምህራን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ ረኀብ ባለበት አገር ስለ ሕዋ ማውራት ምን ይባላል ብሎ የሚነቅፋቸው ብዙ ነበር። እነርሱ ግን አልታከቱም፤ በ2007 ዓ.ም በእንጦጦ ጋራ ላይ፣ በ3200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች ሥራ ጀመሩ። በአዲስ አበባም ትውልድዋ ከሰርቢያ የሆነው ዶክተር ሚርያና ፖቪች ስለ ጋላክሲዎች ስትመራመርና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ስታሠለጥን ኖራለች።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ወር ነው። በዐሥረኛው ቀን ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትዋን ከቻይና ምድር አመጠቀች፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግን፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው፣ ለእኔ ግን ከሳተላይቱ ያላነሰ ነገር ሆኖአል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ሁሉ ከፀሐያችን ውጭ ላለ አንድ ኮከብና ለፈለኩ ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጥቶ ነበርና፣ ኢትዮጵያውያን ለደረሳቸው ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው ለምትዞረው ፈለክ አቦል የሚል ስም አወጡ፤ ስሙም በዚያ ቀን ለዓለም ታወጀ። ቡና የሚገኘው በአንድሮሜዳ የከዋክብት ጉባኤ ውስጥ ነው፤ ቦረናዎች ላሚ ከሚሉአት አጠገብ፣ ከእርስዋ ብዙም ሳይርቅ በስተ ሰሜን። በዐይን ብቻ አይታይም፤ ትንሽ የእጅ መነጽር ግን ይበቃዋል። ብርሃኑ እስኪደርሰን 196 ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የሚታየው ብርሃን የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። አቦልን የምርምር ሰዎች በዐይናቸው አላዩአትም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መኖርዋን ያስታወቁት ኮከቡ በእርስዋ ስበት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በብርሃኑ ቀለም ላይ የሚታየውን ጥቂት ለውጥ ለዓመታት ተከታትለው ነው። ክብደትዋ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ ዓመትዋ በእኛ ቀን ወደ 1000 ይጠጋል፤ መንገድዋም ክብ ሳይሆን እጅግ የተለጠጠ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይዋ ትቀርባለች፣ አንድ ጊዜ ትርቃለች። እንዲህ ባለች የጋዝ ዓለም ላይ እንደ እኛ ያለ ፍጡር ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም።

እንግዲህ የት ይፈለግ? ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐያችንን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዪቱን ፈለክ ካገኙ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቍጥራቸው ከ5000 አለፈ። ለእኛ ቅርብ በሆነችው ኮከብ በፕሮክሲማ ዙሪያ፣ አራት የብርሃን ዓመት ከሩብ ያህል ርቃ፣ ምድርን የምታህል ፈለክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሐዋሳ አናት አጠገብ በሚያልፍ አንድ ደካማ ቀይ ኮከብ ዙሪያ ሰባት ምድር መሰል ፈለኮች መኖራቸው ታወቀ፤ ርቀታቸው 40 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ እስከ ዛሬ የሕይወት ምልክት አልተገኘም።

ሕይወት በምን ወሰን ውስጥ ሊቈም እንደሚችል ለማወቅ ግን ሊቃውንቱ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ዳሎል መምጣት ነበረባቸው። ከባሕር ወለል በታች ባለው በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ፣ ጨውነት፣ ኮምጣጣነትና ሙቀት የበዛበት ውኃ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ በሚፈላበት፣ ሁለት የምርምር ጓዶች እ.ኤ.አ. በ2019 የሚጋጭ ፍርድ ሰጡ፤ አንዱ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ አለ፣ ሁለተኛው ከኮምጣጣና ከማግኒዚየም ከተሞሉት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው አንዳች ነገር አላገኘሁም አለ። ክርክሩ ትልቅ ፍሬ አለው። ውኃ ካለ ሕይወት አለ የሚለውን የቸኰለ ተስፋ ዳሎል ይፈትነዋልና፣ ወደ ማርስ የሚላክ መሣሪያ አስቀድሞ ከዚህ ሊማር ይገባል።

በዚህ ዕውቀት ብርሃን ቡሳን እንደ ገና ብንመለከታቸው፣ አያንቶዎቹ ዘመን ሲቈጥሩባቸው የኖሩት ከዋክብት ከእኛ 440 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ፤ ዛሬ የምናየው ብርሃናቸው የተነሣው በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት ነው። ዕድሜያቸው አንድ መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ይህም ለከዋክብት ሕፃንነት ነው። ምድራችን 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ሆኖአታል፤ በላይዋ የሕይወት አሻራ ጐልቶ የሚታየው ከተፈጠረች ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ በቡሳ ዙሪያ ፈለክ ቢኖር እንኳ ሕይወት ለመብቀል ጊዜ አላገኘም ብለው ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ለሲዳማ ሕዝብ የዓመትን ደጅ የሚከፍቱት ከዋክብት ራሳቸው ገና ደጃቸው ያልተከፈተ ናቸው።

ነገር ግን እነዚህን ከዋክብት ከሐዋሳ ማየት ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ነው። ከተማዪቱ በሰፋች መጠን፣ በ2008 ዓ.ም ከተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር ሆቴሎች ድረስ የሚበራው ብርሃን ሰማዩን ያፈዝዘዋል፤ ፍኖተ ሐሊብን ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ለማየት የሚፈልግ ወጣት ጨለማ ፍለጋ ከከተማው መውጣት ግድ ይሆንበታል። የመብራትን በጎነት የምክድ አይደለሁም፤ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ ፋኖስ መትከል ግን ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ የከተማው አስተዳደርም ቢያንስ በጉዱማሌ ዙሪያ ይህን ቢያደርግ በዩኔስኮ የተመዘገበውን ቅርስ ከነሰማዩ ጠበቀ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ አለ። የአያንቶነት ዕውቀት በቃል የኖረ ስለ ሆነ፣ አንድ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር አንድ የትዝብት ዘመን አብሮት ይቀበራል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የታሪክ መምህራን ከባሕረ ሐሳብ መምህራን ጋራ ሆነው፣ አያንቶዎቹ ወዳሉበት መንደር ወርደው፣ በቡሳና በጨረቃ መገናኛ ሌሊት አብረዋቸው ሊቀመጡ ይገባል። ከቡሳ ከዋክብት ስንቱን እንደሚቈጥሩ፤ ጨረቃ በስንት ጣት ርቀት ስትቀርባቸው ተገናኙ እንደሚሉ፤ ደመና ሰማዩን በዘጋበት ክረምት በምን እንደሚተኩት፤ አስተያየታቸው ሲለያይ የማን ቃል እንደሚጸና፤ ዓመቱ ከፀሐይ ሲዘገይ ቀኑን በምን ሥርዓት እንደሚያቃኑት፤ ለልጅ ሲያስተምሩ ከየትኛው ኮከብ እንደሚጀምሩ፤ ይህ ሁሉ በራሳቸው በሲዳምኛ ቃል፣ ከሰማዩ ሥዕል ጋራ ጐን ለጐን ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል። ሥራው የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ የድምፅ መቅጃና ሌሊቱ እስኪነጋ የሚታገሥ ልብ ነው፤ ሽማግሎቹም ዛሬ በሕይወት አሉ።